ከገዳም እስከ ዳንቴል ፋብሪካ፦ የለንደኑ ታላቁ ቅዱስ በርተሎሜዎስ እንዴት ተረፈ?

የድንጋይ ወዳጅ (ክሩን የከፈተ)፦

ሰላም ለሁላችሁም። ሰሞኑን በሌላ ክር ላይ አንድ ተሳታፊ «የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳማቱን ከዘጋ በኋላ ሕንፃዎቹ የት ገቡ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። በሁለት መስመር የሚመለስ ጥያቄ ስላልሆነ፣ አንዱን ገዳም ብቻ ይዤ ለብቻው ክር መክፈትን መርጫለሁ። የማነሣው በለንደን ስሚዝፊልድ ያለውን ታላቁን ቅዱስ በርተሎሜዎስ ነው። ዓመተ ምሕረቱም ወሩም በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልኝ።

መሥራቹ ራሂር ይባላል። በሄንሪ 1ኛ ቤተ መንግሥት ሲመላለስ ኖሮ በኋላ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ካህን የሆነ ሰው ነው። ሮም ለመሳለም ሄዶ ሳለ በጽኑ ታመመና «ከዳንሁ ለድሆች ሕሙማን ማረፊያ እሠራለሁ» ብሎ ተሳለ። ሲመለስም ሐዋርያው በርተሎሜዎስ በራእይ ተገልጦለት፣ ከማረፊያው በተጨማሪ በስሚዝፊልድ ቤተ ክርስቲያን እንዲያንጽ እንዳዘዘው፣ ከገዳሙ ካህናት አንዱ በዚያው በ12ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው የምሥረታ ታሪክ ይተርካል። በ1123 ሆስፒታሉና ገዳሙ ጎን ለጎን ተጀመሩ። ቦታው የንጉሥ መሬት ሆኖ ከከተማው ቅጥር ወጣ ያለ፣ ከፊሉ ረግረግ፣ ከፊሉ ወንጀለኛ የሚሰቀልበት ነበር። ራሂር የገዳሙ የመጀመሪያ አለቃ ሆኖ እዚያው አርፏል፤ መቃብሩም እስከ ዛሬ ከመሠዊያው በስተ ሰሜን ይታያል።

ገዳሙ ከ400 ዓመት በላይ ከኖረ በኋላ በጥቅምት 1539 ተዘጋ። የሕንፃው ምዕራባዊ ክፍል፣ ማለትም ሕዝቡ የሚቆምበት ረጅሙ አዳራሽ ፈረሰ፤ ካህናቱ ማሕሌት የሚቆሙበት ምሥራቃዊው ክፍል ግን ቀረ። በ1544 ሰር ሪቻርድ ሪች ቅጥር ግቢውን ሁሉ በ1,064 ፓውንድ ከ11 ሽልንግ ከ3 ፔንስ ገዛው። ይህ ሰው ከገዳማት የተወሰደውን ንብረት የሚያስተዳድረውንና የሚሸጠውን መሥሪያ ቤት ከ1536 ከተመሠረተበት ጊዜ ጀምሮ ሲመራ የቆየ ስለሆነ፣ ገዢና ሻጭ በአንድ ገበታ ተቀምጠው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። የንጉሡን የቀድሞ ጠቅላይ ሹም ቶማስ ሞርን ለሞት ያበቃው ምስክርነትም የእሱ ነበር፤ አን አስኪው የተባለችው ሴት በ1546 እዚሁ ስሚዝፊልድ ከመቃጠሏ በፊት፣ በለንደን ግንብ እስር ቤት አካሏን በሚወጥረው መሣሪያ በገዛ እጃቸው ካሠቃዩዋት ሁለት ሹማምንት አንዱ ሪች እንደነበር ራሷ ተናግራለች። ጨዋ ጎረቤት አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሦስት መቶ ተኩል ዓመት ስትመለከቱ ትገረማላችሁ። የእመቤታችን ጸሎት ቤት መጀመሪያ መኖሪያ ቤት፣ ቀጥሎ ማተሚያ ቤት፣ በመጨረሻም የዳንቴልና የዘርፍ ፋብሪካ ሆነ። በሰሜናዊው ክንፍ ውስጥ ብረት ቀጥቃጭ ምድጃ ተክሎ ወናፉን ይነፋ ነበር። ካህናቱ በጸሎት ይመላለሱበት የነበረው ባለ ጣሪያ መተላለፊያ የፈረስ ጋጣ ሆነ፤ ከመሠዊያው ጀርባ ያለው ምድር ቤት የከሰልና የወይን ጠጅ ማከማቻ ነበር፤ በላይኛው ሰገነት ላይ ደግሞ ልጆች ፊደል ይቆጥሩ ነበር።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ሕንፃውን ለዛሬ ያደረሰው አክብሮት ሳይሆን አገልግሎት ነው። ማንም ሥራ ያልሰጠው ምዕራባዊ ክፍል ፈረሰ፤ ቀጥቃጩና ዳንቴል ሠሪው የገቡበት ግን ቆመ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ዘጎንደር፦

ወንድሜ፣ እጅግ ደስ የሚል ክር ነው። ወደ ክርክሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ግልጽ ቢሆን። «ገዳም» ሲባል ለእኛ የሚታየን ከሰው የራቀ በረሃ ወይም ተራራ ነው። ይህ ግን በቅጥር አጠገብ፣ በከብት ገበያ ዳር ያለ ቤት ነው። ደግሞም አለቃው አበምኔት ካልሆነ ምን ነበር?

የድንጋይ ወዳጅ፦

ተገቢ ጥያቄ ነው። በእንግሊዝ አበምኔት የሚመራው ገዳም ሌላ ስም አለው፤ ይህኛው ግን «ፕራየር» በሚባል አለቃ የሚመራ ስለነበር «ፕራዮሪ» ይባላል። ነዋሪዎቹም እንደ ቤኔዲክቶስ ልጆች በትክክለኛው ትርጉም መነኮሳት አልነበሩም። የአውግስጢኖስን ሥርዓት የሚከተሉ፣ ክህነት ተቀብለው በአንድነት የሚኖሩ፣ በአንድ ማዕድ የሚበሉ፣ የግል ንብረት የሌላቸው ካህናት ነበሩ። በእኛ ቋንቋ ልናስጠጋው ብንል ግማሹ የገዳም፣ ግማሹ የደብር ነው። ሰፈራቸው ከገበያና ከሆስፒታል አጠገብ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ከሰው መሸሽ የሥርዓታቸው ዋና ነገር አልነበረም።

እነዚህ ካህናት ግን ለመብታቸው የዋሆች አልነበሩም። በ1250 የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ቦኒፌስ ገዳሙን ሊመረምር መጣ። ካህናቱ ደወል ደውለው፣ ልብሰ ተክህኖ ለብሰው በሰልፍ ተቀበሉት፤ ይሁንና «የሚመረምረን የራሳችን የለንደን ጳጳስ አለን፤ እሱን ንቀን ለሌላ አንገዛም» አሉት። ሊቀ ጳጳሱ ተቆጥቶ የአለቃውን ምክትል ፊቱን በጥፊ መታው፤ ግርግር ሆነ፤ ካህናቱ ሲገፈትሩት ካባው ተገለጠና ከሥሩ የጦር ልብስ መልበሱ ታየ። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ማቲው ፓሪስ ነው ይህን የጻፈው፤ ሊቀ ጳጳሱን እንደማይወደው የታወቀ ስለሆነ ጥቂት ጨው ጨምሮበት ይሆናል።

የመርካቶ ልጅ፦

ገበያውን በአንድ ቃል ብቻ አለፋችሁት፤ ለእኔ ግን የነገሩ ማገር እሱ ነው። ሄንሪ 1ኛ በ1133 በሰጠው ደብዳቤ ገዳሙ በቅዱስ በርተሎሜዎስ በዓል ዋዜማ፣ በዕለቱና በማግሥቱ፣ ማለትም ከነሐሴ 23 እስከ 25 ዐውደ ገበያ እንዲያቆም ተፈቅዶለታል። የጨርቅ ነጋዴዎች ከየአገሩ ይሰበሰቡ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ሰሜን ያለው ጠባብ መንገድ ዛሬም «የጨርቅ ገበያ» ተብሎ ይጠራል። ከድንኳን ድንኳን የሚነሣውን ጠብ የሚያይ የገበያ ችሎትም ነበረው፤ ስሙ ሲተረጎም «የአቧራማ እግሮች ፍርድ ቤት» ማለት ነው፤ ነጋዴው ጫማውን ሳያራግፍ፣ ዕቃውን ሳይጭን እዚያው የሚዳኝበት። መንገደኛ ነጋዴን ሦስት ወር ቀጠሮ መስጠት ማለት መፍረድ አለመሆኑን በዚያ ዘመን ተረድተውት ነበር።

የቀረጡ መብት ከግቢው ጋር አብሮ ወደ ሪች እጅ ገባ። ስለዚህ ሰውየው የገዛው ድንጋይ ብቻ ሳይሆን የገቢ ምንጭም ነው። ገበያው እየዋለ እያደረ የአሻንጉሊት ትርዒትና የስካር ቦታ ሆኖ በ1855 ተዘጋ። ቤተ ክርስቲያኑን ያስፈለገው ማን ነው ስትሉ ይህንንም አስቡት፦ ገበያው የቆመው በቅዱሱ ስም ነው።

ፊደል ለቃሚ፦

እኔ በማተሚያ ቤት ያረጀሁ ሰው ስለሆንሁ ከዚህ ሁሉ ልቤን የወሰደው የእመቤታችን ጸሎት ቤት ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በመሠዊያው ምሥራቅ የተሠራው ይህ ክፍል በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሳሙኤል ፓልመር ማተሚያ ቤት ነበር። በ1725 ከፊላደልፊያ የመጣ አንድ የ19 ዓመት ልጅ ፊደል ለቃሚ ሆኖ ተቀጠረበት፤ ስሙም ቤንጃሚን ፍራንክሊን ይባላል። የኋላ ኋላ የአሜሪካን የነፃነት መግለጫ ከፈረሙት አንዱ የሆነው እሱ ነው።

ሥራውን ለማያውቁ ልግለጸው። ለቃሚ ከፊቱ ባለ ብዙ ክፍልፋይ ሣጥን ተዘርግቶ፣ በግራ እጁ ማሰለፊያውን ይዞ፣ የእርሳስ ፊደሎችን አንድ በአንድ እየለቀመ ቃሉን ከኋላ ወደ ፊት በግልባጭ ያነባል። ለአንድ ገጽ ከሺህ በላይ ጊዜ እጁ ይመላለሳል፤ የጻፈውን ሰው ሐሳብ ከደራሲው በስተቀር ከለቃሚው የበለጠ ያነበበው የለም። ፍራንክሊንም እዚያ ሆኖ የለቀመው አንድ የሃይማኖት ፍልስፍና መጽሐፍ አላሳምን ስላለው የመልስ ጽሑፍ ጽፎ በራሱ አሳተመ፤ ዘግይቶ ግን ተጸጽቶበታል። እንግዲህ ካህናት ለእመቤታችን ይዘምሩበት በነበረው ጣሪያ ሥር አንድ ወጣት ለቃሚ ከሥነ መለኮት ጋር ሲሟገት አስቡት።

ለጥያቄው የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ የማተሚያ መኪና ከባድ ነው፤ ጠንካራ ወለልና ደረቅ ጣሪያ ይፈልጋል። ወረቀት ዝናብ ሲነካው ማየት የማይወድ አሠሪ ጣሪያውን ይጠግናል። ክሩን የከፈቱት ወንድሜ ትክክል ይመስሉኛል።

ነርሷ፦

ከመንገዱ ማዶ ባለው በራሂር ሆስፒታል ለዓመታት ስለሠራሁ በምሳ ሰዓት ወደዚያ መግባት ልማዴ ነበር። ላላያችሁት ልግለጽላችሁ።

ከአደባባዩ የምትገቡት በጠባብ የድንጋይ በር ነው። በሩ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን የፈረሰው ምዕራባዊ ክፍል መግቢያ የነበረ ነው። በላዩ ላይ በ1595 የተሠራ የእንጨት ማገር ያለው ቤት ተቀምጧል። ለረጅም ዘመን የቤቱ ፊት በሌላ ነገር ተሸፍኖ ማገሩን ያየው አልነበረም፤ በ1915 ከጀርመን የአየር መርከብ የወደቀ ቦምብ መሸፈኛውን ሲያናጋው ነው የተገለጠው። ከበሩ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው መንገድ የመቃብር ቦታ ነው፤ የምትራመዱት በፈረሰው አዳራሽ ርዝመት ላይ ነው። የሙታን ብዛት አፈሩን ከፍ ስላደረገው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ለመግባት ደረጃ መውረድ አለባችሁ። ውስጡ ጨለም ያለ ነው፤ ወፋፍራም ክብ ምሰሶዎች፣ ክብ ቅስቶች፣ ብዙ ያልተጌጠ ድንጋይ።

በግድግዳው ላይ በ1652 የሞተ ኤድዋርድ ኩክ የተባለ ሰው ሐውልት አለ። ከሥሩ የተቀረጸው ግጥም አንባቢው እንዲያለቅስ ይማጸንና «እናንተ እንባ ቢያጥራችሁ ድንጋዩ ራሱ ሲያለቅስ እዩ» ይላል። ድንጋዩም በእርግጥ ያለቅስ ነበር፤ በርጥበቱ ጊዜ ጠብታ ይንቆረቆርበት ነበር። በኋላ ከሥሩ የማሞቂያ ቧንቧ ሲገባ እንባው ደረቀ። የሰው ልጅ ምቾት ተአምር ሲያጠፋ እንዲህ ነው ብዬ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ።

ሆስፒታሉን በተመለከተ፣ እሱም ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ገዳሙ ሲዘጋ ገቢው ተነጥቆ ሕሙማኑ ባዶ ቀሩ፤ የለንደን ሰዎች ደጋግመው አቤት ካሉ በኋላ ሄንሪ 8ኛ በ1546 መጨረሻ ለከተማው ሰጠው። ስለዚህ ዘጊውም «መሥራች» ተብሎ ሐውልቱ በሆስፒታሉ በር ላይ ቆሞለታል።

ተሟጋች፦

በብዙው እስማማለሁ፤ በዋናው ነጥብ ግን አልስማማም። አገልግሎት ነው ያዳነው የሚለው አሳብ ይማርካል፤ ነገር ግን ማስረጃ ይጎድለዋል። ከስሚዝፊልድ ብዙም ሳይርቅ፣ በአልድጌት፣ የሄንሪ 1ኛ ሚስት ንግሥት ማቲልዳ የመሠረተችው የቅድስት ሥላሴ ገዳም ነበር። ሥርዓቱ የአውግስጢኖስ፣ ዘመኑ ያው ዘመን፣ ሀብቱ ግን የበለጠ ነበር። በ1532 ተዘግቶ ለንጉሡ ሹም ለቶማስ ኦድሊ ተሰጠ። እንዴት እንደጠፋ የጻፈልን የለንደኑ ታሪክ ጸሐፊ ጆን ስቶው ነው።

ኦድሊ ታላቁን ቤተ ክርስቲያን በአጠገቡ ላለው አነስተኛ አጥቢያ ምእመናን «ውሰዱት፤ በምትኩ ትንሿን ስጡኝ» አላቸው። እነሱ ግን የኋላ ጣጣ ፈርተው እምቢ አሉ። ቀጥሎ ድንጋዩን አፍርሶ ለሚወስድ ሰው በነፃ እንደሚሰጥ አስታወቀ፤ የሚነካው ጠፋ። በመጨረሻ በራሱ ወጪ ማፍረስ ጀመረ፤ ሠራተኞቹ ድንጋዩን ከላይ ሲለቁት አብዛኛው እየተሰበረ ወደቀ። የዚያን ሰሞን ማንም የከተማው ሰው አንድ ጋሪ ጠንካራ ድንጋይ እስከ ደጃፉ ድረስ በ6 ወይም በ7 ፔንስ ይመጣለት እንደነበር ስቶው ይናገራል። ዛሬ ከዚያ ሁሉ የቀረው በአንድ ዘመናዊ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ የተጠበቀ ቅስት ነው።

የሁለቱ ልዩነት እንግዲህ ከቀጥቃጭና ከዳንቴል የመጣ አይደለም። በስሚዝፊልድ በገዳሙ ቅጥር ውስጥ የሚኖሩ ምእመናን ድሮውንም በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የራሳቸው የአጥቢያ መሠዊያ ነበራቸው። ገዳሙ ሲዘጋ ምሥራቃዊውን ክፍል እንደ አጥቢያ ተቀበሉት፤ የአልድጌቶቹ ግን አልተቀበሉም። ያዳነው «እሺ» የሚል ሰው መኖሩ ነው። በ1628 የጡብ ማማ ሠርተው ከ1510 አካባቢ ጀምሮ የነበሩትን አምስት ደወሎች የሰቀሉትም እነዚሁ ምእመናን ናቸው፤ ደወሎቹ ዛሬም ይደወላሉ። ፋብሪካው ያደረገውንም አንርሳ፦ የላይኛው ፎቁ በብረት ምሰሶ ተደግፎ ከመሠዊያው በላይ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ገብቶ ነበር። ቄሱ ሲቀድስ ከራሱ በላይ ዘርፍ ይሠራ ነበር ማለት ነው። ይህን «ማዳን» ብለን ልንጠራው ነው?

የድንጋይ ወዳጅ፦

የአልድጌቱ ነገር ትልቅ ማስረጃ ነው፤ ተቀብያለሁ። ምሥራቃዊውን ክፍል ያተረፉት ምእመናኑ መሆናቸውን ከእንግዲህ አልከራከርም። እንዲያውም ለእርስዎ የሚጠቅም ሌላ ነገር ልጨምር፦ ካቶሊካዊቷ ንግሥት ሜሪ ከ1556 ጀምሮ የዶሚኒኮስን ማኅበር መነኮሳት አስገብታበት ነበር፤ ፕሮቴስታንቷ ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1559 ስታስወጣቸው ግቢው ወደ ሪች ተመለሰ፣ አጥቢያው ግን በዚህ ሁሉ መገለባበጥ ውስጥ ቀጠለ።

ነገር ግን ምእመናኑ ያልያዙት ክፍል አለ። የእመቤታችን ጸሎት ቤትና ሰሜናዊው ክንፍ ለሦስት መቶ ዓመት ከቤተ ክርስቲያኑ እጅ ውጭ ነበሩ። ግንባቸው የቆመው ተከራይ ስለነበራቸው ነው። አባታችን ፊደል ለቃሚ ስለ ጣሪያው የተናገሩት እዚህ ላይ ይሠራል። ክርክሬን የሚያፈርስብኝ አንድ ቦታ ቢኖር የፈረስ ጋጣው ነው፤ በ1834 አብዛኛው ተደርምሷል። ፈረስ ጣሪያ ፈሰሰ ብሎ ለባለቤቱ አቤት አይልም መሰለኝ።

ከ1880ዎቹ ወዲህ አጥቢያው የተወሰደበትን በገንዘብ እየገዛ አስመለሰ። አርክቴክቱ አስተን ዌብ ነበር፤ የዛሬውን የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ፊት የነደፈው ያው ሰው ነው። ፋብሪካው ከመሠዊያው በላይ ተነሣ፣ ቀጥቃጩ ወጣ፤ በጢስ የጠቆረው ሰሜናዊ ክንፍ በ1893፣ የእመቤታችን ጸሎት ቤት ደግሞ በ1897 ለጸሎት ተመለሱ። የመተላለፊያው ምሥራቃዊ ወገን ቆይቶ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ተገዝቶ ተጠገነ።

አንድ ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። በደቡብ በኩል፣ በሰገነቱ ላይ፣ ከ1505 እስከ 1532 አለቃ የነበረው ዊልያም ቦልተን ያሠራው ከግድግዳው ወጣ ያለ መስኮት አለ። ከመስኮቱ ሥር አንድ ፍላጻ በርሜል ወግቶ ሲያልፍ ተቀርጿል። ፍላጻው በእንግሊዝኛ «ቦልት»፣ በርሜሉ «ተን» ይባላል፤ ሁለቱ ሲጋጠሙ የአለቃው ስም ይሆናል። ሰምና ወርቅ ለለመደ አንባቢ ብዙ የሚያስቸግር ቅኔ አይደለም፤ ይሁን እንጂ አምስት መቶ ዓመት ሙሉ ሳይፋቅ መቆየቱ ያስደስተኛል።

የቆሎ ተማሪ፦

ይቅርታ፣ የቅዱሱን ነገር ማንም አላነሣውም። ባለፈው ዓመት ስሳለም አንድ በወርቅ የተለበጠ የዘመናችን ሐውልት አየሁ፤ ሐዋርያው ቆሞ የገዛ ቆዳውን እንደ ነጠላ በክንዱ ላይ ጥሎታል። ደነገጥሁ። በእኛ ስንክሳር መስከረም 1 ቀን በሚነበበው ገድሉ ሐዋርያው አሸዋ በተሞላ ከረጢት ውስጥ ተደርጎ ወደ ባሕር ተጣለ እንጂ ቆዳው ስለመገፈፉ አይነገርም። በዓሉም እነሱ ዘንድ ነሐሴ 24 ነው። ለመሆኑ የሁለታችንም በርተሎሜዎስ አንድ ነው?

ዘጎንደር፦

አንድ ነው፤ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ። የአሟሟቱ ትውፊት ነው የተለያየው። በምዕራቡ ዓለም ቆዳው ተገፎ ሞተ የሚለው ስለጸና፣ ሥዕሉ ሁሉ ቢላዋ ወይም ቆዳ ይዞ ነው፤ ለዚህም የቆዳ ሠራተኞች ጠባቂያችን ይሉታል። ከከብት ገበያና ከሥጋ ተራ አጠገብ መተከሉ ግን ራሂር አስቦበት ይሁን አጋጣሚ፣ እኔ እንጃ።

ተሟጋች፦

ለድንጋይ ወዳጅ፦ ታረቅን። ምሥራቁን ለምእመናኑ፣ ሰሜኑን ለቀጥቃጩ እንስጥ። ይልቅስ ቤተ ክርስቲያኑ ከ1666ቱ የለንደን ታላቅ ቃጠሎ እንዴት እንዳመለጠ ማንም አላነሣም። እሳቱ በስተ ምዕራብ ሰሜን የቆመው ፓይ ኮርነር በተባለው ቦታ ነው፤ ከሆስፒታሉ አጥር ጥቂት እርምጃ ነው። እሱ ግን የነፋስ ሥራ እንጂ የማንም ሥራ አይደለም።

የመርካቶ ልጅ፦

ለንደን ለምንመጣ ሰዎች መቼ ብንሄድ ይሻላል?

ነርሷ፦

በእነሱ ስቅለት ዓርብ ጠዋት ሂዱ፤ ከእኛው ጋር ሁልጊዜ ስለማይገጥም ቀኑን አስቀድማችሁ እዩ። በዚያ የመቃብር ቦታ፣ የፈረሰው አዳራሽ በነበረበት ላይ፣ ለድሆች መበለቶች በመቃብር ድንጋይ ላይ ስድስት ስድስት ፔንስ የማስቀመጥ የቆየ ልማድ ነበረ፤ በ1887 ጆሹዋ በተርወርዝ የተባለ ሰው እንዳይቋረጥ ገንዘብ መድቦለታል። ዛሬ ሳንቲሙን የሚጠይቅ መበለት ባይመጣም፣ ከአጭር ጸሎት በኋላ መስቀል የተሠራበት ጣፋጭ ዳቦ በቅርጫት ይዞራል፤ ለቆመው ሁሉ ይዳረሳል። እኔ ጾም ላይ ስሆን ቅቤ ስላለበት በናፕኪን ጠቅልዬ ለሥራ ባልደረባዬ እወስድላት ነበር።